ከማረጥ በኋላ ኤሌክትሪክን ከክብደት ጋር ሲያጣምሩ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

በጣም የሚያስቆጨን፣ ጡንቻን በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያኮማትረውን መሣሪያ ተለጣፊ ፓድ ጭን ላይ ለጥፎ ሶፋ ላይ መጋደም ነው። ጡንቻው ሲኮማተር ስለሚታይ ስፖርት የተሠራ ይመስላል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ጡንቻም አጥንትም ይሳሳሉ፤ አጥንት ደግሞ ሸክም ካላረፈበት አይጠነክርም። መሣሪያው ጡንቻን ያኮማትራል እንጂ የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ እንደመነሳት አይሆንም። ስለዚህ ስኳት (ቁጭ ብድግ) እና ዱምቤል በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቀጥላሉ፤ 12 ጊዜ አንስተው ካልከበደዎት ክብደቱን ይጨምሩ።

ኤሌክትሪኩ ሲመጣም እርስዎ አብረው ይሥሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን ወደ 60 ዲግሪ አጥፈው ቁርጭምጭሚትዎን ከወንበሩ እግር ጋር በሰፊ ማሰሪያ ያስሩ። ሞገዱ ሲነሳ እግርዎን ለመዘርጋት ይግፉ፣ ሲያቆም ይልቀቁ። 10 ሰከንድ ሥራ፣ 50 ሰከንድ እረፍት፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ። እረፍቱን አያሳጥሩ፤ ኤሌክትሪክ እነዚያኑ የጡንቻ ክሮች ደጋግሞ ስለሚጠራ ቶሎ ይዝላሉ።

ቴንስ (TENS) የሚባለው መሣሪያ ሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለጥንካሬ አይገዛም። ለጥንካሬ ወደ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምት)፣ የምት ስፋቱ (የእያንዳንዱ ምት ቆይታ) ደግሞ ወደ 300 ማይክሮሰከንድ ይሁን።

አንደኛው ፓድ ከጉልበት ሎሚ በላይ፣ በውስጥ በኩል ባበጠው ጡንቻ ላይ፣ ሌላው ከጭኑ ላይኛው ክፍል ወደ ውጭ ይለጠፋል። ሎሚዋን ይመልከቱ፦ ወደ ላይ ከተሳበች ቦታው ልክ ነው፤ ቆዳዎን ብቻ ከወረረዎት ፓዱን ያንቀሳቅሱ። ቅባት የተቀባ ቆዳ ላይ አይለጥፉ፤ በውሃ ታጥበው ያድርቁት። ጠርዙ የተላጠ አሮጌ ፓድ ሞገዱን አንድ ቦታ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ይጣል።

መላ ሰውነትን የሚያነቃቃ ልብስ ለብሰው በመጀመሪያው ቀን ኃይሉን እስከ ጥግ የሚያስጨምሩ አሉ። እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። የጡንቻ ክሮች ተሰባብረው ይዘታቸው ወደ ደም ሲገባ ኩላሊት ይጎዳል። ጅማሬው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይሁን፣ በቀላል ኃይል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በሳምንት ከአንድ ቀን አይለፍ። በማግስቱ ሽንትዎ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ (ፔስሜከር) የተተከለላቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ እግራቸው ላይ የደም መርጋት ያለባቸው መሣሪያውን ሐኪም ሳይፈቅድ አይንኩት። አንገት ፊት ለፊትና ደረት ላይ ማንም አይለጥፍ።

ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት። ከኤሌክትሪኩ በኋላ እግር ይከዳል፤ በዛለ ጭን ስኳት የሚሠራ ሰው ይወድቃል፣ የሳሳ አጥንት ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። ክብደቱን አስቀድመው፣ ኤሌክትሪኩን ተቀምጠው መጨረሻ ላይ ይሥሩ፤ ሲነሱም የወንበሩን መደገፊያ ይያዙ።