ሃርድ ዲስኩን ሳይነቅሉ «ባክአፕ አለኝ» ማለትና ሌሎች ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ ሰኔ፣ ተመራቂው ሁሉ ጽሑፉን ለማስጠረዝ በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ የጽሕፈት ሱቅ ያላት ደንበኛዬ ደወለች። «ወንድሜ ድረስልኝ፣ ፋይል አልከፈት አለኝ!»

ሄጄ አየሁት። በየፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የማላውቀው ጭራ ተቀጥሏል። በየፎልደሩም አንድ የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ተቀምጧል፦ ፋይልህን ከፈለግህ ክፈል። ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኮለኛ ፕሮግራም።

የገባው በክራክ ነው፤ የሚሸጥ ፕሮግራም ሳይከፈልበት እንዲሠራ በሚያደርግ መስበሪያ። ረዳቷ ልጅ ፎቶሾፕ በነጻ አወረደ። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ አጠፋው። ሌባ «ዘበኛህን አሰናብትልኝ» ቢልህ እሺ ትለዋለህ? ስቶፕ ወይም ዲጃቩ የሚባለው የራንሰምዌር ዘር በብዛት የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። ፋይሉን እየቆለፈም የውሸት የዊንዶውስ አፕዴት መስኮት ይደቅናል። ልጁም አፕዴት መስሎት ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሁለተኛው ስህተት ነው። «ባክአፕ አለኝ» ስትለኝ፣ የፋይሎቿ መጠባበቂያ ቅጂ አለ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክቷል፤ አቧራ ለብሷል። ከተገዛ ጀምሮ ተነቅሎ አያውቅም። ከፈትነው፤ እሱም ውስጥ ያው ጭራ። ራንሰምዌር የተሰካ ነገር ካገኘ አይምርም። ገልብጠህ ስትጨርስ ንቀለው፤ ከተቻለም ሌላ ቅጂ ሌላ ቤት አስቀምጥ።

አፕዴት ካርድ ይበላል ብሎ ማጥፋትም አለ። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2009 ዓ.ም. ወደ 150 አገሮች ሲዳረስ፣ ማይክሮሶፍት የሚገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። ካርዱ ይበላ።

የመጨረሻው መደናገጥ ነው። ወዲያው ፎርማት አታድርግ። ኢንተርኔቱን አቋርጥ፣ የተቆለፉትን ፋይሎች ከነማስታወሻው አስቀምጥ። ኖ ሞር ራንሰም የሚባለው ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ ዘሮች መክፈቻ በነጻ ይሰጣል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ብትከፍልም ቁልፉ ለመምጣቱ ዋስ የለህም።

ለደንበኛዬ መክፈቻ አልተገኘም። ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን በቴሌግራም ነበር የሚልኩላት፤ ብዙዎቹን ከዚያው መልሰን አወረድን። የዱቤ መዝገቧ ግን ያቺው አቧራ የለበሰች ሃርድ ዲስክ ላይ ቀረ።