ወደ ባቲ ሲወረድ ኤሲው ሙቅ አየር ከነፋ

ደሴ ላይ ብርዱ ራሱ ኤሲ ነው። የአሮጌ መኪና ኤሲ ጉዱ የሚወጣው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወረድ ነው። ስትነዳ ይቀዘቅዛል፣ ገበያው ጋ ስትቆም ግን ይሞቃል? መጀመሪያ ኮንደንሰሩን፣ ማለትም ከፊት ያለውን ራዲያተር መሰል የኤሲ ጋዝ ማቀዝቀዣ፣ የሚያናፍሰውን ፋን ጠርጥር። «ጋዝ ሙላበት» የሚልህን ለጊዜው አትስማው፤ ፋኑ ካልሠራ የጋዙ ግፊት ከፍ ይላል፣ እንዲህ ባለ ሲስተም ላይ ጋዝ መጨመር ያባብስበታል።

ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውን ክፈት፣ ኮፈኑን አንሳ። ጋቢ ከለበስክ አውልቀው፣ ፋኑ ድንገት ይነሳል። የኤሌክትሪክ ፋን ያላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲከፈት ወዲያው ወይም ትንሽ ቆይተው ያስነሱታል። እምቢ ካለ ፊውዝና ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን) እይ። ደህና ከሆኑ ሞተሩን አጥፋ፣ የፋኑን ሶኬት ንቀልና ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ ስጠው። ከዞረ ችግሩ ሽቦው ወይም የግፊት ስዊቹ ጋ ነው፤ ካልዞረ ፋኑ ራሱ ሞቷል።

እየዞረም ኤሲው ካልቀዘቀዘስ? ከኮንደንሰሩ ፊት ወረቀት አስጠጋ፣ ስቦ መያዝ አለበት። ከገፋው ሽቦው ተገልብጦ ታስሯል፣ ይሄ ፋን የተቀየረለት መኪና ላይ ያጋጥማል። ከሳበው ደግሞ ኮንደንሰሩን እይ፤ አቧራ፣ ነፍሳት፣ በአጨዳ ሰሞን ገለባም ይደፍነዋል። በቀስታ ውሃ እጠበው፣ በኃይል ከረጨህበት ክንፎቹ ይተኛሉ።

የኤሲ ግፊት መለኪያ ጌጅ ካለ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት አር134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ በከፍተኛ ግፊቱ መስመር በኩል ከ200 እስከ 250 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ያሳያል። 300 ካለፈ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ አፍስስ። ቶሎ ከወረደ የጎደለው በኮንደንሰሩ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። ካልወረደ ጋዙ በዝቷል ወይም ጋዙ ውስጥ አየር ገብቶበታል፤ በማሽን አስወጥተህ፣ በቫኪዩም አስመጥጠህ፣ በግራም ተለክቶ ይሞላልህ። ቱቦውን ራስህ እንዳትፈታ፣ ዓይን ያጠፋል።