ያገለገለ ሊኑክስ ስልክ ስትሸጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ስልክ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ስንት ጊጋ ነው? ባትሪው ይቆያል? ካርቶኑ አለ? ፓይንፎን የሚባለውን፣ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሲስተም የሚሠራ ስልክ ከያዛችሁ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። ስልኩ አንድሮይድ አይደለም፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም እንደ አንድሮይድ አዘጋጅቶ ከመሸጥ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ፎቶና መልእክት አጥፍቶ «ጸድቷል» ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ፋክተሪ ሪሴት ትላላችሁ፣ አለቀ። ብዙዎቹ የሊኑክስ ስልክ ሲስተሞች ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የላቸውም። ፎቶው ቢጠፋም የዋይፋይ ፓስወርዱ፣ የኢሜይል አካውንቱና የኤስኤስኤች ቁልፉ (ሌላ ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ውስጥ መግቢያው ፋይል) በተደበቁ ፎልደሮች ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

ነገሩ የገባው ሰው አዲስ ሲስተም ይጭንበታል። ይሄም ብቻውን አያጸዳም። የሚጫነው ፋይል ጥቂት ጊጋ ነው። የስልኩ ሜሞሪ 32 ጊጋ ከሆነ አዲሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ በቀረው ቦታ ላይ የድሮው ዳታ ሊቀር ይችላል። የጠፋ ፋይል መመለሻ ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የውስጡን ሜሞሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ሙሉት፣ ከዚያ አዲሱን ጫኑ። ፓይንፎን ከሜሞሪ ካርድ መነሣት ስለሚችል ሥራው ከባድ አይደለም። ጃምፕድራይቭ የሚባለውን ትንሽ ሲስተም ካርድ ላይ ጭናችሁ ስታስነሡት የስልኩ ሜሞሪ በዩኤስቢ ገመድ ኮምፒውተራችሁ ላይ እንደ ውጫዊ ዲስክ ይታያል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። የዲስኩን ስምና መጠን ሁለቴ ሳታዩ ትዕዛዝ ከሰጣችሁ የራሳችሁን ኮምፒውተር ልታጠፉ ትችላላችሁ።

ቴሌግራም ላይ ከሌላ ስልካችሁ ሆናችሁ የምትሸጡትን ስልክ ከአካውንታችሁ አስወጡት። ሰርቨር ካላችሁ የስልኩን የኤስኤስኤች ቁልፍ ከዚያም አውጡ።

ሜሞሪ ካርዱን ረስቶ መስጠት ሌላው ነው። ፓይንፎን ካርድ ካገኘ መጀመሪያ የሚነሣው ከካርዱ ነው። እናንተ ከካርድ ስትጠቀሙ ቆይታችሁ ከሆነ የውስጡ ሜሞሪ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱን ስታወጡ ስልኩ አይነሣም። ገዢው ፊት ይሄ ቢገጥማችሁ ማን ያምናችኋል? ካርዱን አውጥታችሁ ቤት ሞክሩት።

ሲሙን ስታወጡም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦታው የተሠራው ለማይክሮ ሲም ነው። ናኖ ሲም በአዳፕተር ከገባ አንድ ላይ ይውጣ። ባዶ አዳፕተር ውስጥ ከቀረ ፒኖቹን ይዞ ይሰብራል።

የጀርባ ክዳኑን ስትከፍቱ ስድስት ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ታገኛላችሁ። ሞደሙ፣ ዋይፋዩ፣ ማይኩና ካሜራዎቹ የሚዘጉት በእነሱ ነው። አንዱ ተዘግቶ ከቀረ ገዢው «ካሜራው ሞቷል» ብሎ ይመለሳል። ሁሉንም ክፈቱና ምን ምን እንደሆኑ አሳዩት። የመክፈቻ ቁጥሩንም በወረቀት ጻፉለት፤ የጫናችሁት ሲስተም ሞቢያን ከሆነ አዲስ ሲጫን 1234፣ ፖስትማርኬትኦኤስ ከሆነ ደግሞ 147147 ነው። የአማርኛ ፊደል የሚያሳይ ፎንት መጫን አትርሱ። አለበለዚያ መልእክቱ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «እንደማንኛውም ስልክ ነው» ብሎ መሸጥ። ይሄ ስህተት ብቻ ሳይሆን ሰውን መበደል ነው። የቴሌብርም ሆነ የባንክ አፕ የተሠራው ለአንድሮይድና ለአይፎን ነው፤ እዚህ ላይ በቀጥታ አይጫንም። ዋይድሮይድ የሚባል የአንድሮይድ ማስኬጃ አለ፣ ግን ሁሉም አፕ ይሠራል ብላችሁ ቃል አትግቡ። ካሜራው ደካማ ነው፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት። የገዢውን ሲም አስገቡና እዚያው ያስደውሉት፣ *127# ይሞክር። እኔ ብሆን ለደላላ ከመስጠት የድሬዳዋ ወይም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችን እፈልጋለሁ። ለእነሱ ስልኩ መማሪያ ነው፤ ጉድለቱንም እያወቁ ይገዙታል።

በድሬ ሙቀት ስልኩን ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አታቆዩት፤ ሙቀት ባትሪውን ይጎዳል።

ስትስማሙ አጭር ውል ጻፉ። የስልኩን መለያ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን፣ ከሞባይል ኔትወርክ ሴቲንግ አውጡና ውሉ ላይ አስፍሩት። «አንድሮይድ አይደለም» የሚለውም ይጻፍ፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ።