መኪና ሲጨስና ሲሸት የምንሠራቸው ስህተቶች

ሱሉልታ እየኖረ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው የመኪና ሽታ ያውቃል። ጠዋት የእንጦጦን ጀርባ እንወጣለን፤ ከዚያ ወደ አዲሱ ገበያ ያ ሁሉ ቁልቁለት አለ። ዳገቱ ሞተሩንና ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) ይፈትናል፤ ቁልቁለቱ ፍሬኑን። «የሆነ ነገር አይሸትህም?» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የምናደርገው ነው። ሽታው መቼና ከየት እንደሚመጣ ሳናጣራ እንቸኩላለን። ችኮላው ገንዘብ ያስወጣል፤ አንዳንዴም ሰው ያቃጥላል።

ሳያጣሩ ዕቃ መቀየር

አንድ ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ መኪናዬ ዳገት ላይ የተቃጠለ ነገር መሽተት ጀመረች። የወሰድኳት ጋራዥ መካኒኩ ገና ስነግረው «ፍሪሲዮን ነው» አለኝ። ዳገት፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ማንዋል ማርሽ፤ ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወረደ፣ ፍሪሲዮኑ ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን ሽታው ተመልሶ መጣ።

ያን ቀን ዳር ይዤ ቆምኩና አራቱንም ጎማዎች ዞርኩ። እጄን ሳላስነካ ወደየቸርኬው አስጠጋሁ። ሦስቱ ለብ ብለዋል። የግራው የኋላ ጎማ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ቸርኬው ላይ ጥቁር ብናኝ ተጋግሯል። ለካ የእጅ ፍሬኑ ገመድ በዝናቡ ዝጎ አልለቅ ብሎ፣ የፍሬኑ ሸራ መንገዱን ሙሉ ሲፋተግ ነው የሚውለው። መኪናዋ ከቤት ስወጣ ጀምሮ ትከብደኝ ነበር፤ እኔ ግን የዳገት ነገር ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ስለዚህ ሽታ ሲመጣ መጀመሪያ ጎማዎቹን ይዙሩ። አንዱ ብቻ ከጋለ ያልለቀቀ ፍሬን አለ። ከቁልቁለት በኋላ የፊቶቹ ሁለቱም እኩል ከጋሉ ፍሬኑ በዝቶበታል። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው፤ ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም።

ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ፎሌ አድርገው፣ ማለትም ከማርሽ አውጥተው፣ የሚወርዱ አሉ። ያኔ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ይጨሳል። ሙቀቱ ፍሬን ዘይቱ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይከፋል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣ አሮጌ ዘይት ግን በ140 ዲግሪ አካባቢም ሊፈላ ይችላል። ከፈላ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል። በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። ኢንጀክሽን (ነዳጅ በመርጫ የሚገባበት ዘዴ) ያላቸው መኪኖች በማርሽ ሲወርዱና እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ስለሚዘጉ፣ በፎሌ የሚገኝ ቁጠባ የለም። ፍሬኑ ከጨሰ ደግሞ ቆመው እስኪበርድ ይጠብቁ እንጂ ውኃ አይድፉበት፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የጋለ ራዲያተር መክፈት

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄኛውን ነው። አዲስ አበባ አካባቢ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ላይ ከዚያም ያንሳል። እኛ ጋ ባቄላ ከቆላው ይልቅ ቆይቶ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሞተር ሙቀት ደግሞ በደህና ቀን እንኳ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ የራዲያተሩ ውኃ የማይፈላው ክዳኑ በግፊት አፍኖ ስለያዘው ነው። ክዳኑን ሲከፍቱት ግፊቱ በአንዴ ይወርዳል፤ ውኃው እዚያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ሞተሩን ያጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ጫን ብለው ይዩት፤ ጠንካራ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው፣ አይክፈቱ። ከበረደም በኋላ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መገልበጥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጭሱን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ከየመኪናው ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ምንም አይደለም። ከሞቀም በኋላ ከቀጠለና ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየተቃጠለ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይታይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፤ አቧራማ መንገድ ላይ የሚውሉ ከሆነ ከአየር ማጣሪያው ይጀምሩ።

ትልቅ ፊውዝ መክተት

የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሽቦ ነው። ፊውዙ ተቃጥሎ 10 አምፔር የነበረውን ቀይ በ30 አምፔር አረንጓዴ የሚተኩ አሉ፤ በሽቦ የሚያያይዙም አይቻለሁ። ይሄ አይደረግም! ፊውዙ የተቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በትልቅ ከተኩት ቀጥሎ የሚነደው ሽቦው ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቁና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ሳያሳዩ ማጠብ

መኪናው ሲሸት በቀጥታ ላቫጆ ወስደው ሞተሩን የሚያሳጥቡ አሉ። ዘይቱ ከየት እንደሚንጠባጠብ የሚያሳየው ያ እድፍ ነው፤ ካጠቡት መካኒኩ የሚከተለው ፈለግ አይኖረውም። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ከሥር ይዩ። የጎረቤቴ መኪና ሳምንት ሙሉ ሲሸት የከረመው ከመንገድ ያነሳው ፌስታል ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ቀልጦ ተጣብቆ ነበር። ሲበርድ በእንጨት ተፍቆ ወጣ፤ ሽታውም አብሮ ቀረ።

ኮፈኑን ብርግድ አድርጎ መክፈት

ከኮፈኑ ሥር ጭስ ከወፈረ ወይም ነበልባል ካዩ ሞተሩን አጥፍተው ሰዉን ሁሉ ያስወርዱና ያርቁ። ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ አይክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ እሳቱ ቦግ ይላል። እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ በጠባቧ ክፍተት የዱቄት ማጥፊያውን ይርጩ። የነዳጅና የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ አይደፋም። ካልጠፋ ይራቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ጥሪ 939 ነው። ማጥፊያውን ብዙዎቻችን የኋላ ሻንጣ ውስጥ ከጆንያ ሥር ነው የምናስቀምጠው። የእኔ አሁን ከሾፌር ወንበር ሥር ታስሯል፤ የግፊት መለኪያው ቀስትም አረንጓዴው ላይ መሆኑን ሁልጊዜ ጎማ ስነፋ አየዋለሁ።