አሮጌ መኪና ላይ ትልቅ ዲናሞ ለምታስገቡ

ክረምት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ስትወጡ ጉሙ መብራቱንም፣ የዝናብ መጥረጊያውንም፣ የመስታወት ማሞቂያውንም ባንዴ ያስከፍታችኋል። የፊት መብራት ብቻውን 10 አምፔር ገደማ ይበላል። የድሮ መኪና ዲናሞ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ባትሪ የሚሞላው) 40 ወይም 50 አምፔር ቢባልም ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ፒያሳ ደርሳችሁ ስትቆሙ መብራቱ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን በቴስተር ለኩ። ሙሉ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ያሳያል። ሞተር ተነስቶ ቮልቱ ዲናሞው ጀርባ ላይ ደህና ሆኖ ባትሪው ላይ ካነሰ ችግሩ ገመዱ ጋ ነው። የባትሪ ጫፎችንና ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ አጽዱ፤ ብዙ ጊዜ እዚሁ ያልቃል።

የግድ ትልቅ ካስፈለገ፣ እባካችሁ ገመዱን አትርሱ! የ80 ወይም የ90 አምፔር ዲናሞ በድሮው ቀጭን ገመድ ማሰር እሳት መጥራት ነው። ከዲናሞው ቀጥታ ወደ ባትሪ ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ዘርጉ፣ ባትሪው አጠገብ የ100 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ዳሽቦርዱ ላይ የአምፔር ጌጅ ካለ በተለይ ተጠንቀቁ፤ በብዙ የድሮ መኪኖች ቻርጁ ሁሉ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። የዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ የሚዞርበት ክብ ብረት) ከሌሎቹ ፑሌጃዎች ጋር መስመር ይግባ፣ ቺንጋውም አዲስ ይሁን፤ መብራት ሲበራ ከጮኸ እየተንሸራተተ ነው። ኤሌትሪሺያኑ "ይችላል" ቢላችሁም፣ ሁሉን አብርታችሁ ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ሞተር አጥፉና ገመዱን ባትሪው በኩል ዳስሱት። ከጋለ አልቻለም።