የመደብ ትል በላስቲክ ይጠፋ እንደሆነ እንዴት እንፈትሽ?

ቡሬ ወይም ጃቢ ጠህናን በርበሬ የሚያለማ ሰው ንዴቱን ያውቀዋል። ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ ልክ ተቆርጦ ተጋድሞ ይገኛል። ቆራጭ ትል ነው። አፈሩን በላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማሞቅ ሊረዳ ይችላል። በእናንተ መደብ ላይ መርዳቱን ግን ራሳችሁ ፈትሹ።

ትሉን ለመግደል ብላችሁ የነቀዝ እንክብል አፈር ውስጥ እንዳትቀብሩ፣ ማንም ቢመክራችሁ! እርጥበት ሲነካው የሚወጣው ፎስፊን ጋዝ ሰው ይገድላል።

ጊዜው የበጋው ፀሐይ ሲጠነክር፣ ከየካቲት ጀምሮ ነው። መደቡን ቆፍሩ፣ ጓሉን ከስክሱ፣ በደንብ አጠጡ። እርጥብ አፈር ሙቀቱን ወደ ታች ያስገባል። ላስቲኩ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ጥቁሩን አልመክርም፤ ሙቀቱን ራሱ ላይ ያስቀረዋል። ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ቅበሩና ከ4 እስከ 6 ሳምንት አትንኩት።

አሁን ዋናው ነገር። ከጎኑ ያልተሸፈነ መደብ ከሌለ ምንም አታውቁም። ትሉ በዚያ ዓመት በራሱ ጊዜ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። አረም አጠገብ ያለ መደብም ከሌላው ይበልጥ ይጠቃል። ስለዚህ መደቦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉ፤ ቢያንስ 4 ጥንድ ይሁኑ። ከየጥንዱ የትኛው እንደሚሸፈን ዘውድ ወይስ ጎፈር ብላችሁ በሳንቲም ወስኑ። በዓይን ከመረጣችሁ ሳይታወቃችሁ ጥሩውን መደብ ትሸፍናላችሁ። ያልተሸፈነውም እኩል ይቆፈር፣ እኩል ይጠጣ። ቁፋሮ ብቻውን ትሉን ያወጣዋል፣ ወፍ ይለቅመዋል። ይህን ካላመሳሰላችሁ የዶማውን ሥራ ለላስቲኩ ትሰጡታላችሁ።

ከመሸፈኑ በፊትና ከተገለጠ በኋላ ከየመደቡ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቦታ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር አውጡ። ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግፉና ቁጠሩ። ትሉ ሲነካ ጥቅልል ብሎ ጭጭ ይላል፤ ከአፈሩ ጋርም ይመሳሰላል። አትቸኩሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ይንቀሳቀሳል።

ዘሩ ከበቀለ በኋላ በየጠዋቱ የተቆረጠውን ችግኝ ቁጠሩና ደብተር ላይ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለብቻ መዝግቡ። ላስቲኩ ከተነሳ በኋላ የምትመጣ የእሳት ራት አዲስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ከዚያ የሚፈለፈለውን ትል ላስቲኩ አላገኘውም።

በ4ቱም ጥንድ በተሸፈነው መደብ ትሉና የተቆረጠው ችግኝ ካልተሸፈነው ካነሰ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉንም ሸፍኑ። በሁለቱ ጥንድ አንሶ በሁለቱ ከበለጠ ግን ላስቲክ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ፈተናውን በብዙ ጥንድ ድገሙት።