የሰፈርን የጋራ አትክልት ቦታ ውኃውን ተከትሎ ስለማወቅ

ባሕር ዳር ውስጥ በሰፈርተኛው ጉልበት የለማ የጋራ አትክልት ቦታ ሲያጋጥምዎ በአጥሩ በኩል ዐይንን ጣል አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ቦታውን በሚገባው ልክ ለማድነቅ ግን ማን፣ በምን ውኃና በየትኛው ሰዓት እንደሚደክምበት ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ የምመክርዎ ውኃውን ከመነሻው ጀምረው እስከ ተክሉ ሥር እንዲከተሉት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ በበጋ፣ በተለይም በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሂዱ። በዚህ አካባቢ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥል፣ በእነዚህ ወራት የሚያዩት ጎመንና ሰላጣ ሰው ተሸክሞ ወይም በሞተር ስቦ ባመጣው ውኃ የቆመ ነው። «እንደምን አደራችሁ፣ በርቱ» ብለው ከገቡ በኋላ ውኃው ከጣና፣ ከጉድጓድ ወይስ ከቧንቧ እንደሚመጣ ይጠይቁ። ከጉድጓድ ከሆነ አስፈቅደው ጥቂት ባልዲ ራስዎ ይሳቡ፤ አንድ መደብ እስኪርስ ድረስ ስንት ባልዲ እንደሚጠጣም ይቁጠሩ።

ቀጥሎ አፈሩን ይመልከቱ። ጥቁሩ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ይቋጥራል፤ ቀዩ አፈር ውኃውን ቶሎ ወደ ታች ያሰርጋል። ደረቅ ሣር የተጎዘጎዘበት መደብ ካለ ጉዝጓዙን በቀስታ ገለጥ አድርገው ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገቡ፤ ከዚያም ባልተጎዘጎዘው መደብ ላይ እንዲሁ ያድርጉ። የመጀመሪያው ቀዝቅዞና ረጥቦ ሁለተኛው እንደ ዱቄት በኖ ካገኙት፣ ያን ሣር አጭዶ ያለበሰው ሰው ስንት ባልዲ እንዳዳነ ይገባዎታል። ለእኔ ከአበባውም ከፍሬውም በላይ የሚደነቀው ይህ ነው።

ከሐይቁ ዳር የመጣ እምቦጭ ለጉዝጓዝ ወይም ለኮምፖስት ውሎ ካዩ በሚገባ መብላላቱን ይጠይቁ። ይህ አረም በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ ጉዳት ያደረሰ ሲሆን፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ቢሆንም ቆርጠው ወደ ቤትዎ አይውሰዱት።

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የደጋው ጎመንና የቆላው ማንጎ በአንድ አጥር ውስጥ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ከሁሉም ግን ፓፓያው ዘንድ ቆም ይበሉ። አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንዠርግጎ የሚወርድ ከሆነ ወንዴ ነው፤ ሴቴዋ ግን ወፈር ያለ አበባዋን ከግንዷ ጋር አጣብቃ ትይዛለች። ፍሬ የማይሰጠውን ዛፍ ለምን እንዳልቆረጡት ለሚገርመው ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ሴቴዋ እንድታፈራ እሱ ያስፈልጋታል።

በመደቦች መካከል ሲሄዱ በመተላለፊያው ብቻ ይራመዱ። እኔ አንድ ጊዜ ባዶ መስሎኝ በአንድ መደብ ላይ ተረማምጄ ነበር፤ ለካ ካሮት ከተዘራበት ገና ሦስተኛ ቀኑ ኖሯል። መደቡን የዘሩት እናት ምንም ሳይናገሩኝ ጎንበስ ብለው የረገጥሁትን አፈር በጣታቸው ሲያላሉት ማየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የካሮት ዘር ብቅ ለማለት ከ10 ቀን በላይ ሊወስድበት ስለሚችል፣ ባዶ የሚመስልን መደብ ሁሉ እንደተዘራ አድርገው ይቁጠሩት።

ሁለተኛው ጉብኝት በሐምሌ፣ ከባድ ዝናብ ባደረ ማግስት ይሁን። በበጋ ውኃ ለማምጣት ይደክሙ የነበሩት ሰዎች አሁን ውኃውን ለማስወጣት ሲታገሉ ያገኟቸዋል፤ በተለይ ዋልካ ላይ ውኃ ከተኛ የቃሪያው ሥር ይበሰብሳል። ለደቦ የሚወጡበትን ቀን አስቀድመው ጠይቀው አካፋ ይዘው ይሂዱና ፈሰሱን አብረው ይጥረጉ። የሚያወጡትን ደለል ወደ መንገድ አይጣሉት፤ ከመደቡ ታጥቦ የወረደው ለም አፈር እሱ ስለሆነ ወደ መደቡ ጠርዝ ይመልሱት።